በግ ያለው ሰው

ፈንታዬ ያንን ወሬ የሰማችው የኮምቦልቻ መናኸሪያ ገና ሰው በሚነዳቸው አውቶብሶች ይሞላ በነበረ ጊዜ ነው። ዕድሜዋን በትክክል አታስታውስም፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እግሯ መሬት እንደማይነካ ግን ታስታውሳለች። ዝናብ ይጥላል። እናቷ ትኬት ልትቆርጥ ስትሄድ ዕቃ ጠብቂ ብላታለች። ከጀርባዋ ሁለት ሰዎች ያወራሉ፤ ድምፁ የሻከረው ድሮ ፖሊስ የነበረ ይመስላል።

«የሚገድለውን ይዘን ስንዞር እጃችን ይከብደን ነበር» ይላል። «ከማንሳትህ በፊት የሰውየው እናት፣ የሰውየው ልጆች፣ ሁሉም ፊትህ ላይ ድቅን ይላሉ። ኋላ የማይገድለውን አመጡልን። እጃችን ቀለለን። አየህ… ቀለለን።»

ሌላው ሰውዬ አንድ ነገር ጠየቀው። ምን ብሎ እንደጠየቀ፣ ያኛውም ምን ብሎ እንደመለሰለት፣ ፈንታዬ ስንት ጊዜ አስባ ልታገኘው አልቻለችም። አውቶብሱ ጥሩንባ ነፋ፤ እናቷ ተጣራች፤ ሰዎቹም ከእርጥብ ካፖርታቸው ሽታ ጋር እዚያው ቀሩ።

አዋጁ የወጣው እሷ አድጋ፣ ወልዳ፣ ባሏን ከቀበረች በኋላ ነው። ወረቀት ላይ ስሙ ረጅም ነው፤ ሰው ግን «የቃሉ አዋጅ» ይለዋል። ፖሊሶች ደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት፣ ሰውን ሳይገድል በኤሌክትሪክ ነዝሮ መሬት ላይ የሚያነጥፈው መሣሪያም ወረቀት ላይ ሌላ ስም አለው፤ ሰው «ነዛሪ» ብሎት ቀርቷል።

ሕጉን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ነዛሪው ከመልቀቁ በፊት የያዘው ፖሊስ «በሕግ አምላክ» ማለት አለበት፤ ካላለ ብረቱ አይታዘዘውም። ካለም በኋላ ነዛሪው ጥቂት ትንፋሽ ይጠብቃል። በዚያ መሀል የተነጣጠረበት ሰው፣ ወይም በአጠገቡ ያለፈ ማንም መንገደኛ፣ «በሕግ አምላክ» ብሎ ከመለሰ ነዛሪው ፖሊሱ እጅ ላይ ይሞታል። አረንጓዴ ዓይኑ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው በንግግር ይጨረሳል። ድሮ ሰውና ሰው ሲጣላ ይህን ቃል የተጠራበት ሰው ዱላውን አውርዶ ይቆም እንደነበር ሽማግሌዎች ያወራሉ። አዋጁ ያደረገው ለሰው ይሠራ የነበረውን ነገር ለብረት ማስተማር ነው።

የፈንታዬ ሥራ ድምፅ መቀበል ነው። ቀበሌው ግቢ ውስጥ ግድግዳዋ በስፖንጅ የተለበጠች አንዲት ጠባብ ክፍል አለቻት። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ እዚያ ገብቶ ቃሉን አንድ ጊዜ ይናገራል፤ የከተማው ነዛሪዎችም የዚያን ልጅ ድምፅ ይማራሉ። ነገሩ ከጊዜ ብዛት ወግ ሆኗል። ልጁ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ልጅቷ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አክስትና አጎት ተከትለው፣ ዳቦ በፌስታል ተይዞ ይመጣል። እስላሙም ክርስቲያኑም ይመጣል። አንዳንዱ ልጅ ያንሾካሹካል፣ አንዳንዱ ይጮኻል፣ አንዳንዱ አልቅሶ ነገ ይመለሳል። ፈንታዬ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ ያወቀችውን ያወቀችው በመስማት ነው። በከንፈሩ ብቻ ያለውን ልጅ ወዲያው ትለየዋለች።

«እንደሱ አይደለም የኔ አባት» ትለዋለች። «አንድ ትልቅ ሰው እየገፋህ ነው እንበል። ለእሱ ንገረው።»

ከእያንዳንዱ ልጅ በፊት በነጠላዋ ውስጥ ታማትባለች። ቃሉ ውስጥ የአምላክ ስም አለበትና።

በከተማው ውስጥ ቃሉን በጨዋታ የሚጠራ የለም። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ «በዳኛ!» ነው የሚባባሉት። በድራማ ላይ ተዋናዩ ቃሉን ሊል አፉን ሲከፍት ካሜራው ወደ ሰማይ ይዞራል። በከንቱ የጠራው ሰው ተቀጥቶ አስፋልት ሲጠርግ ይታያል። ባልና ሚስት ጠባቸው ሲጠና «ያንን ቃል እንዳታስወጣኝ» ይባባሉና ቁጭ ይላሉ። ፖሊስ ሲያልፍ ደግሞ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አረንጓዴው ዓይን ሁልጊዜ እንደሚያዳምጥ ያውቃል። እናቶች ያዘሉትን ሕፃን እጅ ይዘው «ሰላም በለው» እያሉ ለነዛሪው ያወዛውዙለታል።

ፈንታዬ ይህ ሁሉ ደግ ነገር መሆኑን አትጠራጠርም። እድሜዋን ሙሉ እንደዚህ ያለ ሕግ አላየችም። አንዳንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጁ ቃሉን ብሎ ከወጣ በኋላ ክፍሏ ጭር ስትል፣ ሰባት ዓመት ለዚህ ነገር ትንሽ አይደለም ወይ ብላ ታስባለች። ወዲያው ተረኛው ይገባል።

አዋጁ እንደ ወጣ በመጀመሪያው የፋሲካ ዋዜማ አንድ ነገር ሆኖ ነበር። በግ ተራ የተሰማሩት ፖሊሶች ነዛሪ በሙሉ ገና ማለዳ ሞቶ ተገኘ። ሰው በጥድፊያ ሲናገር «በሕግ» የሚለው «ሕ» ይዋጥና «በግ» ይሆናል፤ ነዛሪው ደግሞ ለመስማት የተሠራ ነውና በግ ሻጩም በግ ገዢውም ሲጮህ ሁሉንም ሕግ የጠራ አድርጎ ሰምቶታል። ከተማው ለወራት ሳቀ። መሐንዲሶቹ ከአዲስ አበባ መጥተው «በግ» የምትለዋን እንዳይሰማ አስተማሩትና ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተረሳ፤ ይመር እስኪወድቅ ድረስ።

ይመር በደረቅ ወደቡ ኮንቴይነር ሲያወርድና ሲጭን ያረጀ ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተባል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሚስቱ ዘይነባ ነች የጀመረውን እየቀጠለች የምትጨርስለት፤ አንዳንዴ እሱ ሊል ያላሰበውንም ትጨርስለታለች። አዋጁ ሲወጣ አዋቂዎች ሁሉ ድምፃቸውን ሲያስመዘግቡ እሱ አልቻለም። ከፈንታዬ በፊት የነበሩት ድምፅ ተቀባይ «እስቲ በዜማ ይበሉት» አሉትና በመንዙማ ዜማ ሲያንጎራጉረው ያለ እንከን ወጣለት። እንደዚያው ተመዘገበ።

የአረፋ ሰሞን ቀደም ብሎ የገዛውን በግ ወደቡን በሚያዋስነው መንገድ እየነዳ ሲያልፍ በጉ ገመዱን በጠሰና በቢጫው መስመር ውስጥ ገባ። በቢጫው መስመር ውስጥ ሾፌር የሌላቸው ከባድ መኪኖች ናቸው የሚመላለሱት፤ ሰው እንዲገባ አይፈቀድም። ይመር ገባ። ዝናብ ይዘንባል። ተረኛዋ ፖሊስ ምክትል ሳጅን ሀያት ትባላለች፤ ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። አንድ ሰው ወደ መኪኖቹ ሲሮጥ አየች፤ ጮኸችበት፤ አልቆመም። ቃሉን ጠራች። ይመር ወደ እሷ ዞሮ አፉን ከፈተ። ነዛሪው ጥቂት ትንፋሽ ጠበቀና ለቀቀ። ይመር ሲወድቅ ክንዱ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ጠርዝ ጋር ተጋጨ፤ ተሰበረ።

ሕጉ እንደሚያዘው የሆነውን ለመስማት በሦስተኛው ቀን ፈንታዬ ክፍል ተሰበሰቡ። ነዛሪው ሰምቶ የቀዳውን ነገር የተመታውም የመታውም አብረው ቁጭ ብለው ነው የሚሰሙት። ይመር ክንዱ በጄሶ ታስሮ፣ ዘይነባ ከጎኑ፣ ሀያት ኮፍያዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የከተማው ፖሊስ አዛዥ ኮማንደር አስናቀ በሩ ላይ ቆሞ። ፈንታዬ አሰማች።

ዝናብ። የመኪና ጩኸት። የሀያት ድምፅ፦ «በሕግ አምላክ!» ከዚያ ዝናብ። ከዚያ፦

«በ… በ-በ-በ… በግ—»

ከዚያ የነዛሪው ድምፅ። ዘይነባ ፊቷን ሸፈነች።

«በግ ነው የሚለው» አለ ኮማንደሩ። «በጉን ነው የሚጠራው። መሣሪያው ጥፋት የለበትም፤ በግ ሲባል እንዳይቆም ነው የተደነገገው።»

«እኔም በጉን የሚጠራ ነው የመሰለኝ» አለች ሀያት ቀስ ብላ።

ይመር ክንዱን እያመመው ሳቀ።

«በ-በጌን እኮ በ… በ-በስሙ ነው የምጠራው።»

«ስም አለው?» አለች ፈንታዬ።

«ወዜ ይለዋል!» አለች ዘይነባ እጇን ከፊቷ አውርዳ። «በተገዛ ማግስት ስም አወጣለት። ስም ያወጡለትን በግ ማን ያርደዋል ብዬ ስንት ቀን ተጨቃጨቅን! በሉ እናንተ ንገሩኝ፤ ማን ነው በጉን 'አንተ በግ' እያለ የሚጠራ? ልጅህን 'አንተ ልጅ' ብለህ ነው ጎዳና ላይ የምትጠራው? ቃሉን ነው ያለ! 'ሕ'ዋ ናት አልወጣ ያለችው!»

ፈንታዬ መልሳ አሰማች። አሁን ሁሉም ሰሙት። ከ«በግ» በኋላ፣ ከድምፁ በፊት፣ አንዲት «አ» ነበረች፤ የ«አምላክ» መጀመሪያ። ጥርስ ላይ የቀረች ናት።

ሀያት ተነሣች። ፈንታዬ ያን ቀን ያየችውን ኋላም ስታወራው አትጠግብም። ልጅቷ ነገሩን በብረቱ ማላከክ ትችል ነበር፤ ብረቱ በድንጋጌው መሠረት ነው የሠራው፤ አዛዧም እንዲያ እንድትል ዓይን ዓይኗን እያያት ነው።

«ቃሉን ብለዋል» አለች ሀያት። «እንዳሉ እመሰክራለሁ። ጋሽ ይመር፣ የሰማሁት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

«አ-አይ ልጄ» አለ ይመር። «ዝ-ዝናብ ነበር።»

ይቅርታው እንዲህ በቀላሉ አለቀ። ሕጉ ግን አላለቀም። አዋጁ ውስጥ ሁሉም በቃል የሚያውቃት አንዲት አንቀጽ አለች፦ ሊያስቆመው ያልቻለ አንድ ሰው እንኳ ካለ መሣሪያው ማንንም አይነካም። ነዛሪው ይመርን መስማት እስኪችል ድረስ የኮምቦልቻ ነዛሪ በሙሉ መቆለፍ ነበረበት። ኮማንደር አስናቀ ጥርሱን ነክሶ ወጣ። በዚያው ዕለት ግን በየጣቢያው ራሱ እየዞረ ሰበሰባቸው፤ አንድም አላስቀረም። ፈንታዬ ይህንንም ትነግርለታለች።

ፖሊሶቹ ባዶ ደረታቸውን ሥራ ወጡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው ሲያያቸው ያፍር ነበር፤ ራቁታቸውን የወጡ ይመስል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች በፈረቃ ጉዳይ ሲጣሉ ፖሊሶቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው መሀል ገቡ። ሀያት ቅንድቧ ላይ በድንጋይ ተመታች፤ ደሟን እያበሰች «እስቲ መጀመሪያ ማን ነው የተናገረው? አንተ? ና ወዲህ፣ ንገረኝ» ስትል ነበር አሉ። ጠቡ ወሬ ሆነና ሰዉ ተበተነ። ኮማንደሩ ክሬን ላይ ወጥቶ እወረወራለሁ ያለ ወጣት ሥር ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ ስለ ኳስ ሲያወራው ውሎ አወረደው። በወደቡ ግን ስርቆት በዛ። ነጋዴው አጉረመረመ። «ለአንድ ተንተባታቢ ሲባል ከተማው ይዘረፍ?» የሚል ድምፅ በየሱቁ ይሰማ ጀመር።

ከአዲስ አበባ መሐንዲስ ተላከ። ቃልአብ ይባላል፤ ዓይኑ እንቅልፍ የጠማው፣ ትሁት ሰው ነው። ይመርን ፈንታዬ ክፍል አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ አናገረው።

«በዜማ ሲሉት ጥሩ ይወጣል» አለው። «ያኔም እንደዚያው ቢያዜሙት ኖሮ—»

«ብ-ብረት ተደግኖብኝ ል-ልዝፈን?»

ቃልአብ ሳቀ፤ ከዚያ በመሳቁ አፈረ። ከቦርሳው አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነገር አወጣ። ኮሌታ ላይ ትለጠፋለች። ይመር ፈርቶ ልቡ ሲመታ ራሷ ታውቅና ስለ እሱ ቃሉን ትላለች። አሰማቸው። የሬዲዮ ሰው የመሰለ፣ ወፍራም፣ የጠራ ድምፅ፦ በሕግ አምላክ።

«ይህን መቀበልዎን በጣትዎ ካረጋገጡ» አለ ቃልአብ «ዛሬውኑ ነዛሪዎቹ ይከፈታሉ።»

ኮማንደሩ «በቃ፣ ተገላገልን» አለ። «ይመር፣ ጣትህን አሳርፍና ወደ ቤትህ ግባ።»

ይመር ቁልፏን በጤነኛ እጁ ይዞ አገላበጣት።

«የ-የማን ድምፅ ነው?»

«የማንም አይደለም። የተሠራ ነው።»

«እ-እኔ ብሞት ይ-ይጮኻል?»

«ልብዎ ሲመታ ብቻ ነው።»

ይመር ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ መለሳት። እምቢ ለማለት አፉን አላስቸገረም።

በማግስቱ ነጋዴዎቹ ሽማግሌ ላኩበት። ጎረቤቶቹም ተጨመሩ። «አንተ ይሉኝታ የምታውቅ ሰው ነበርህ» አሉት። «አገር ሙሉ ባንተ ምክንያት ተቸገረ። ደግሞስ ምን ቀረብህ፤ እንዲያውም ካንተ ያማረ ድምፅ ነው የሰጡህ።» ይመር አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። ዘይነባ እንኳ ሲወጡ ሸኝታ ተመልሳ «እኔስ ስንት ዓመት ስናገርልህ ኖሬ የለ? እንደ እኔ ቁጠራት» አለችው።

«አ-አንቺ ስትናገሪልኝ ታ-ታዪኛለሽ» አላት።

ይህን ዘይነባ ራሷ መጥታ ነው ለፈንታዬ የነገረቻት፤ ክፍሏ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። «እኔ በቃኝ። ከእንግዲህ አልጫነውም» አለች።

ፈንታዬ ያን ሌት ጸሎቷን ስታደርስ ይመርን አሰበችው። ያንን ቃል ለስንት ሕፃን አስብላለች። ሁሉንም «የሚገፋህ ሰው ፊት እንደቆምክ ሆነህ በለው» ነው ያለቻቸው። ይመር የሚገፋው ሰው ፊት ቆሞ ነው ያለው። እንደ እሱ አድርጎ ማን አለው?

ጠዋት ቃልአብን ክፍሏ ውስጥ ማሽኑን ሲነካካ አገኘችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ የኔ ልጅ። በግ ሲባል እንዲቆም ቢደረግስ?»

ቃልአብ ቀና አላለም። «እኔም ሌሊቱን ስለሱ ሳስብ ነው ያደርኩት እትዬ። ይቻላል። ሲንተባተብ እንዲጠብቅ፣ 'በግ' ላይ እንዲሞት። የአንድ ቀን ሥራ ነው። ግን ያኔ ለሁሉም ሰው ነው የሚቆመው። ለይመር ብቻ አድርገን ብንሠራው ሌላ ተንተባታቢ ነገ ይወድቃል። ደግሞ አዋጁ መሣሪያው ሲለወጥ የሚሸከመው ፖሊስ አዛዥ ይስማማ ይላል። ኮማንደሩ ይስማሙ ይሆን?»

ኮማንደሩ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ይመርና ዘይነባም ተጠሩ፤ ሀያትም ቅንድቧ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ከኋላ ቆመች። ቃልአብ አስረዳ። ኮማንደሩ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«እንዴ» አለ። «ልጄ፣ አንተ ኮምቦልቻን ታውቃታለህ? በፋሲካ፣ በአረፋ፣ በመውሊድ፣ በገና፣ ይህ ከተማ ሌላ ቃል የለውም። ከጠዋት እስከ ማታ በግ፣ በግ፣ በግ ነው! ቢላ የሚመዘዘውም፣ ኪስ የሚገባውም በዚያው ቀን በዚያው በግ ተራ ነው። ነዛሪዬ ሁሉ በድን ሆኖ ሊውል ነው? ሌባውስ? ሌባው እየሮጠ 'በግ!' ይለኛል፤ አለቀ!»

«ሌባውማ ዛሬም በሕግ አምላክ ማለት ይችላል ጌታዬ» አለች ሀያት ከኋላ። «ተፈቅዶለታል። ሲልም ስንቱን አይተናል። ነዛሪው ይቆምና ሮጠን በእግራችን እንይዘዋለን።»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ እግር አለሽ» አለ ኮማንደሩ፤ ዘይነባ ሳቀች፤ ቁጣው ትንሽ ረገበ።

«በግ ተራም ቢሆን» አለች ሀያት «ይኸው ሰሞኑን ባዶ ደረታችንን ነበርን። ከብዶናል፤ አልዋሽም። እኔ ግን እንደ ሰሞኑ ሰው አናግሬ አላውቅም።»

ኮማንደሩ ወደ ይመር ዞረ።

«አንተስ ምን አስቸገረህ? ያችን ቁልፍ ብትለጥፋት ምን ነበረ? እውነቱን ንገረኝ። እልህ ነው?»

ይመር ለመናገር ጊዜ ወሰደ። ዘይነባ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ያን ቀን ከሆነው ነገር ሁሉ ፈንታዬን እጅግ ያስገረማት ይህ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ፣ ለመቸኮል የተፈጠረ የሚመስለው ኮማንደር እንኳ ሳይቀር፣ አንድም ሰው ቃሉን ሳይቀማው ጠበቁት።

«እ-እልህ አይደለም» አለ ይመር። «ሌላ ነገር ሁ-ሁሉ ሰው ይጨርስልኛል። ም-ምግብ ቤት ያዘዝኩትን ይ-ይጨርሱልኛል። መ-መስጊድ ሰላምታዬን ይጨርሱልኛል። እ-እሷም ትጨርስልኛለች፤ አ-አልሐምዱሊላህ። ይቺ ግን… በ-በ-በ…» ቆመ። ላቡን ጠረገ። «ይቺን የጠራሁት አ-አምላክን ነው። ለ-ለሱ ደግሞ ማንም አይጨርስልኝም።»

ፈንታዬ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች። መናገር አላሰበችም ነበር፤ አፏ ቀደማት።

«ሕጉን ከተራራ ያወረደው ነቢይ ራሱ አንደበቱ የከበደ ነበር ይባላል» አለች። «በእናንተም በእኛም።»

«ነበር» አለች ዘይነባ። «ነበር፣ እውነት ነው።»

ኮማንደሩ ኮፍያውን አውልቆ ፀጉሩን አሻሸ። በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ አየ። ግቢው ውስጥ አዲስ ልብስ የለበሰች አንዲት ልጅ ተራዋን እየጠበቀች ዳቦ ትቆርሳለች።

«ይሁን» አለ። «ይሁን፤ በግ ሲባልም ይቁም። በበዓል ዋዜማ ከሰው ጋር አብረን እንጋፋለን። ተስማማ ነው የተባልኩት አይደል? ተስማማሁ። ክፈቱት።»

ቃልአብ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«አንድ ነገር ይቀራል ኮማንደር» አለ። «የተለወጠ መሣሪያ ሳይፈተን አይከፈትም። ፈተናው ደግሞ በአሻንጉሊት አይደለም። ነዛሪው በሙሉ ኃይሉ ተሞልቶ በሕያው ሰው ላይ ይነጣጠራል፤ ያልተሰማው ሰው ቃሉን ይላል፤ ከቆመ ይከፈታል። ያልፈራ ሰው ድምፅ አይቆጠርም ይላል ሕጉ።»

«እ-እኔ እቆማለሁ» አለ ይመር።

«በጄሶ አይቻልም ጋሽ ይመር። ሐኪሙ ጽፏል፤ ደግመው ቢወድቁ ክንድዎ አይድንም። ሌላ ሰው ይቁምና እርስዎ ከጎን እንደ መንገደኛ ሆነው ያስቁሙ። ያም ይቆጠራል።»

«እኔ» አለች ሀያት።

«ነዛሪውን የለቀቀ ፖሊስ ለፈተናው አይቆምም፤ ተከልክሏል» አለ ቃልአብ።

«ለ-ለሷስ ቢፈቀድላትም አልፈልግም» አለ ይመር።

ዘይነባ ወደ ፈንታዬ አየች። ፈንታዬ ድምፅ ተቀባይም በሕጉ እንደማይፈቀድለት ታውቃለች፤ ባይከለከልስ እሺ ትል እንደነበር ግን አላወቀችም።

«ፈቃደኛ ከሌላ ከተማ ማስመጣት ይቻላል» አለ ቃልአብ። «ደብዳቤው ብዙ ወር ይፈጃል እንጂ።»

ኮማንደር አስናቀ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ቆየ። ፖሊስ ሲሆን ስልጠና ላይ አንድ ጊዜ ተነዝሮ ነበር፤ ሁሉም ይነዘራሉ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ አምፖል የሚቀይሩት ልጆቹ እንደሆኑ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ፊት ለፊቱ ግን ማንም አያነሣበትም።

«ይመር» አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሽ ይመር። ስንት ጊዜ ነው የሚያቅትዎ? ከአሥር ስንቱ?»

«አ-አላውቅም» አለ ይመር። «ሲ-ሲያቅተኝ ነው የማውቀው።»

«እንዲህ ያለ መልስ ያጽናናል ልበል?»

«አ-አይበሉ። ግን…» ይመር ጤነኛ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ሰ-ሰው ሲወድቅ እያየሁ በ-በዝምታ አልቆምም። ት-ትንሽ ያስጠብቃል እንጂ ይ-ይወጣል።»

ኮማንደሩ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከቁልፏ ጎን አስቀመጠው።

«እሺ» አለ። «ነገ ጠዋት። ያልፈራ ሰው ድምፅ አይቆጠርም ከተባለ ፍርሃቱ ከኔም አይጠፋም። እኔ እቆማለሁ፤ እርስዎ ያስቁሙት። አይቸኩሉ ደግሞ። እጠብቅዎታለሁ።»